ለአርባ አንድ ኳስ አንድ ዋጋ

ጎረቤቴ መካኒኩ የማንኛውንም ማሽን በሽታ በድምፁ ያውቃል። የእኔን የስፌት መኪና ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ይሰማና «ዛሬ ዘይት ጠምቷታል!» ብሎ ይጮህልኛል። ከፍቼ ሳያት እውነቱን ነው። ገበያ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የተጠራለትን ዋጋ ይከፍላል፣ ያመሰግናል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን ቲማቲም ሲገዛ ሻጩ ራሱ አፍሮ «ኧረ ጌታው፣ ትንሽ እንኳ ተከራከሩኝ እንጂ!» ብሎታል። አብሬው ስለነበርኩ ልክድለት አልችልም።

ለእንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አርባ አንድ የቦውሊንግ ኳስ የተሰጠው።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው በቦውሊንግ አዳራሽ ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ፣ ረጅም የተወለወለ የጣውላ መስመር አለ፤ ከጫፉ አሥር ጠርሙስ የመሰሉ እንጨቶች ይቆማሉ፤ ሰው ከወዲህኛው ጫፍ ሦስት የጣት ቀዳዳ ያለው ከባድ ኳስ አንከባሎ ይጥላቸዋል። የወደቁትን የሚያቆመውና ኳሱን የሚመልሰው ከግድግዳው ጀርባ ያለ ማሽን ነው። ከማሽኑ ጀርባ ደግሞ ጎረቤቴ ነበር፣ ዘይት በዘይት ሆኖ። አሁን የአዳራሹ ባለቤት አረጁ፤ ሕንፃው ለሶፋ ነጋዴ ተሸጠ፤ ማሽኖቹ በቁራጭ ብረት ዋጋ ተጭነው ሄዱ። ሽማግሌው «ኳሶቹን አንተ ውሰዳቸው፤ ካንተ በላይ የሚያውቃቸው የለም» አሉት። ደስ ብሎት በሁለት ጋሪ አስጭኖ መጣ።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የፊት ለፊቱን ክፍል የሥራ ቦታ ልታደርገው መስታወቱን ሰቅላ፣ የሚሽከረከረውን ወንበር ገዝታ ጨርሳለች። ረቡዕ ዕለት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ወለሉ በሙሉ ኳስ ሆኗል። ወንበሩም ላይ አንድ ቀይ ኳስ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ደንበኛ ነበር የምጠብቀው» አለች፣ ኳሱን ትክ ብላ እያየች። «ይኼኛው ፀጉርም የለው።»

«ለጊዜው ነው» አላት።

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?»

«ዋጋ እስካወጣላቸው።»

«አንተ? ዋጋ?» አለችና ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ከመንገዱ ማዶ ለአንድ ባለ ገንዘብ አጥር የሚሠራ ግንበኛ አለ። ኳሶቹ ከጋሪ ሲወርዱ ቆሞ ሲያይ ነበርና ወዲያው ብቅ አለ። «ጋሼ፣ እነዚህ ለአጥሩ ምሰሶ አናት ቆንጆ ናቸው። ለአንዱ መቶ እሰጣለሁ። የተረፈውን መሠረት ውስጥ እደፋዋለሁ፣ ድንጋይ ያጥረኛል» አለ። መካኒኩ ልጁን ከነሕይወቱ ቅበር ያሉት ይመስል ቀለሙ ተለወጠ። ሚስቱ ግን ተስማማች። እስከ ሰኞ ጠዋት ሌላ ገዢ ካልተገኘ ግንበኛው ጋሪውን ይዞ ይመጣል።

ሌላ ገዢ ተገኘ፤ እሱ ነው ነገሩን ያከበደው። በሌላ ከተማ አዲስ አዳራሽ የሚከፍት ሰው ስለ ኳሶቹ ሰምቶ ሐሙስ ጠዋት ደወለ። መካኒኩ የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረገው እኔም ሰማሁ።

«እኔ ክርክር አልችልም፤ ራሴን ያመኛል» አለ ሰውዬው። «ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ለሁሉም አንድ ዋጋ ይነግሩኛል፣ አንዴ ብቻ። ልክ ከመሰለኝ ጭኜ እሄዳለሁ። ካልመሰለኝ ተጨባብጠን እንለያያለን።»

«ስንት ቢሆን ነው ልክ የሚመስልዎት?» አለ የኔ ብልህ።

«እሱን ብነግርዎትማ ክርክር ሆነ» ብሎ ዘጋው።

መካኒኩ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። እኔ ያገለገለ ልብስ እያስተካከልኩ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። እሱ ግን በዚያን ቀን እንደ ትልቅ ምሁር ነበር የሚያየኝ።

«ካበዛሁ ይሄዳል፣ ግንበኛውም ይቀብራቸዋል» አለኝ። «ካሳነስኩ ደግሞ ሞኝ ሆንኩ ማለት ነው። አንቺ ያገለገለ ዕቃ ዋጋ ታውቂያለሽ። እስቲ ንገሪኝ።»

«እኔ የማውቀው ሱሪ ነው።»

«ያው ነው። ይኼም ያገለገለ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ሳይሆን ነገሩ ራሱ ገረመኝ። ኳስ ሲያረጅ ምኑ ያረጃል? አይቀደድ፣ አይለቅ። ስፌቴን አቁሜ ተነሳሁ።

እኔ ልብስ የምገዛው በኪሎ፣ በእስር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ማንጠልጠያ ሚዛኔን ይዤ መሄድ ነው። በየኳሱ ላይ ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት የሚደርስ ቁጥር ተቀርጿል፤ የክብደቱ ቁጥር ነው። ስድስት ቁጥሩ ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ አሥራ ስድስቱ ሰባት ኪሎ አልፎ ሚዛኔን አስጨነቃት። ሲመሽ በካርቶን ላይ በጠመኔ ዝርዝር ጻፍን፤ ከባዱ ውድ፣ ቀላሉ ርካሽ። እኔ ኮራሁ። እሱ ካርቶኑን ዘቅዝቆም፣ አቃንቶም አየው።

«የሆነ ነገር ልክ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«አላውቅም። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን ድምፁ አላማረኝም።»

ዓርብ ጠዋት ቢያንስ ይታጠቡ ተባለ። ግቢ ውስጥ ሰማያዊ በርሜል አለ። ውሃ ሞላነው፣ ሳሙና ጨመርን። መካኒኩ አሥራ አምስት ቁጥሩን ለቀቀው፤ ድቡልቅ ብሎ ሰመጠ። ከዚያ ስምንት ቁጥሩን ለቀቀው።

ተንሳፈፈ።

ቆመን አየነው። እንደ ብርቱካን እየተንከባለለ የበርሜሉን ጠርዝ ይነካል፣ ይመለሳል። መካኒኩ በአንድ ጣቱ ወደ ታች ገፋው። ብቅ አለ። እንደገና ገፋው። አሁንም ብቅ።

«ሃያ ሁለት ዓመት!» አለኝ ድምፁ ተሰባብሮ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስይዘው ይኼን አላወቅኩም!»

«ለመሆኑ የኳስ ገላ የሚያጥብ ማን አለ?»

«ባዶ ነው! ውስጡ ባዶ ነው! ባዶ ኳስ ነው የሰጡኝ!» ሌላ ስምንት ቁጥር ከተተ፤ ተንሳፈፈ። ሰባት ቁጥር ከተተ፤ ተንሳፈፈ። ፊቱ ላይ የሚታየው የተሰረቀ ሰው ፊት ነበር። እኔም ከሱ አላነስኩም፤ «የሚንሳፈፈውንማ በግማሽ ዋጋ እንኳ ማን ይገዛሃል?» አልኩት። ያን ያልኩት እኔ መሆኔን አልደብቅም።

ጩኸቱን ሰምቶ ግንበኛው መጣ። «ለምሰሶ ባዶም ቢሆን ችግር የለውም፣ ጋሼ» አለና ሁለቱን ስምንት ቁጥሮች ውሃ እያንጠባጠቡ በሁለት ብብቱ ይዞ ሄደ። መካኒኩ በንዴት ገንዘቡን እንኳ አልተቀበለውም። ሲሚንቶው ተቦክቶ ነበርና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም የአጥሩ በር ግራና ቀኝ ላይ ተሰየሙ።

እኔን ግን አንድ ነገር ይኮረኩረኝ ጀመር። ባዶ ነገር ሲመቱት ይጮኻል። አንዱን ተንሳፋፊ በጣቴ ቋ አደረግኩት፤ ድፍን ነው የሚመስለው። አንገቴ ላይ ያለውን የልብስ መለኪያ ሜትር አውርጄ ወገቡን ለካሁት፤ ስድሳ ስምንት። ከታች አሥራ አምስቱን አውጥተን ለካሁት፤ ስድሳ ስምንት። አሥሩን፤ ስድሳ ስምንት።

«ስማ፣ የሁሉም ወገብ አንድ ነው እኮ።»

«ታዲያስ! ማሽኑ ሌላ ልክ አይቀበልም።»

«ስፋታቸው አንድ ከሆነና ክብደታቸው ከተለያየ፣ ቀላሉ አይንሳፈፍም?»

አየኝ። በርሜሉን አየ። ከዚያ ኳሶቹን በቁጥር ተራ እያመጣ መክተት ጀመረ። ዘጠኝ ተንሳፈፈ። አሥር ተንሳፈፈ። አሥራ አንድ አናቱን ብቻ አሳይቶ ቀረ። አሥራ ሁለት ትንሽ አመነታና ቀስ ብሎ እየወረደ ሰመጠ። ከዚያ በላይ ያሉት ሁሉ ድቡልቅ። ባዶ የሚባል ኳስ የለም። ቀለል ያሉና ከበድ ያሉ ኳሶች ናቸው፤ አለቀ።

እንደ ሕፃን ሳቅን። አሥራ ሁለት ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደጋግመን አሰመጥነው፤ ማመንታቱ ደስ ይላል። ከዚያ መካኒኩ ቀና ሲል ዓይኑ ማዶ ያለው አጥር ላይ አረፈ፤ ሳቁም ቆመ።

ሊያስነቅላቸው ሮጦ ሄዶ ነበር። ግንበኛው «ጋሼ፣ አሁን ብነካው ምሰሶው አብሮ ይመጣል» ብሎ መለሰው።

በዚያው ቀን ሲያደርቃቸው አንድ አሥራ አራት ቁጥር ላይ፣ በአውራ ጣት ቀዳዳው ጠርዝ፣ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አገኘ። ውሃ ገብቶበት ነው የታየው። አርባ አንድ የነበረው አሁን ሠላሳ ስምንት ጤነኛ ሆነ።

ሚስቱ ስትገባ ካርቶኑን አየችው። «ይኼ በክብደት ነው?»

«በክብደት ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«እኔ ፀጉር በኪሎ አልሠራም» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች። «ይልቅ ሰው የሚጣላው በየትኛው ነበር?»

«ምን?»

«አዳራሹ ሲሞላ፣ ሰው ‹እኔ ነኝ ቀድሜ የያዝኩት› ብሎ የሚጣላበት ኳስ የትኛው ነው? እኔ ድሮ ተቀጥሬ ስሠራ ደንበኞቼ የሚጣሉበትን ወንበር አውቅ ነበር፤ መስኮት ጋ ያለው ነው።»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። «ስምንት ቁጥር» አለ ቀስ ብሎ። «ሰንበት ቤተሰብ ሲመጣ ስምንት ቁጥር ይጠፋ ነበር። እናትም ልጅም የሚፈልጉት እሱን ነው። አሥራ ስድስቱን የሚያነሳው ጉራ የሚነዛ ጎረምሳ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ወርውሮ ያስቀምጠዋል።»

ሦስታችንም ወደ አጥሩ አየን። ሁለቱ ስምንት ቁጥሮች የምሽት ፀሐይ እያረፈባቸው ያብረቀርቃሉ።

ካርቶኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ቀላልም ከባድም፣ የአዳራሹ ተራ ኳስ ሁሉ አንድ ዋጋ ይኑረው ተባለ። ተጫዋቹም ድሮ የሚከፍለው ለጨዋታው እንጂ ለኳሱ ክብደት አልነበረም።

የቀሩት ሰባቱ ናቸው። እነዚህ የአዳራሹ አይደሉም፤ በየሰዉ እጅ ልክ የተበሱ፣ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የሄዱ ኳሶች ናቸው። መካኒኩ በክፍሉ አንድ ጥግ ለብቻቸው በፎጣ ላይ ደርድሯቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ በአንድ አስተዋወቀኝ፤ ይኼ የጥርስ ሐኪሙ፣ ይኼ የግራኙ ሾፌር፣ ይቺ ሐምራዊዋ አውራ ጣቷ ረጅም የሆነ የአንዲት ባንክ ሠራተኛ።

«እነዚህ አዲስ ሲሆኑ የተራውን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው ዋጋቸው» አለኝ። «ቆዳቸው ለስላሳ ነው፣ መስመሩን ነክሰው ይታጠፋሉ። ዋጋ የሚያወጡት እነዚህ ናቸው።»

«እስቲ» ብዬ ጣቴን ሐምራዊዋ ውስጥ ከተትኩ። መሃል ጣቴ አልደረሰም፣ አውራ ጣቴ ዋኘ። የጥርስ ሐኪሙ ውስጥ ደግሞ ጣቴ አልገባ አለ።

ወደ ቤቴ ሄጄ አንድ ኮት አመጣሁለት። ጨርቁ የሚገርም ሱፍ ነው፣ ገበሩ ሐር ነው። የተሰፋው ግን አንድ ትከሻው ለወረደ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ይዳስሰዋል፣ ይለብሰዋል፣ መስታወት ያያል፣ መልሶ ይሰቅለዋል።

«ስንት ትይዋለሽ?» አለኝ።

«መጀመሪያ በጨርቁ ነበር የምጠራው። አሁን አዲሱ ስንት ነው እላለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይለብሰው ዘንድ እኔ የምፈታበትንና የምሰፋበትን እቀንሳለሁ፤ ከዚያ ዕድሜውን። የቀረው ነው ዋጋው።»

ኮቱን ለብሶ መስታወት አየ። ከዚያ አወለቀና ሰባቱን ኳሶች ረዘም ላለ ጊዜ ሲመለከት ቆየ። ቆዳቸው ለዓመታት መስመሩ የሚቀባውን ዘይት ጠጥቷል፣ እንደ ድሮው አይነክስም። ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ደርቀው፣ እንደገና መበሳት አለባቸው። ጠመኔውን አነሳ። አዲስ ተራ ኳስ ሁለት ሺህ ነው፤ ያገለገለውን አንድ ሺህ ሁለት መቶ አለው። ሰባቱ አዲስ ሲሆኑ አምስት አምስት ሺህ ናቸው፤ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ፣ ሲጨርስ አንዳንድ ሺህ ሆኑ። ከተራዎቹ በታች። ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«አሁን ድምፁ ልክ ነው» አለኝ። ግን ደስ ብሎት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የመኪና ድምፅ ስሰማ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። የተሰነጠቀውን አሥራ አራት ቁጥር በእግሬ ገፋ አድርጌ ስንጥቁን ወደ ወለሉ አዞርኩት። መካኒኩ አየኝ። ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን ወደ ላይ መለሰው፤ ከጤነኞቹ ጋር እንዳይቆጠርም ለይቶ በሩ ሥር አኖረው።

ገዢው አጭር፣ ደንዳና፣ እጁ ላይ ትንሽ ባትሪ የያዘ ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ በየቀዳዳው እያበራ ትንሿን ጣቱን እየከተተ ዞረ። ጥያቄ የለ፣ አስተያየት የለ። ሚስትየው መስታወቷ ሥር እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ግንበኛው እንኳ ከማዶ አካፋውን ተደግፎ ያያል።

«እሺ፣ ይንገሩኝ» አለ ባትሪውን አጥፍቶ።

መካኒኩ ጉሮሮውን ጠረገ። ቲማቲሙ ትዝ አለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ተራዎቹ ሠላሳ አንድ ናቸው፣ ለአንዱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ሰባቱ አንድ አንድ ሺህ። ይኼ በሩ ሥር ያለው ተሰንጥቋል፣ አልቆጠርኩትም። በጠቅላላው አርባ አራት ሺህ ሁለት መቶ።»

ገዢው ባትሪውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ ፎጣው ሄዶ ሐምራዊዋን አነሳ። «እነዚህ ውዶቹ አይደሉም እንዴ?»

«ነበሩ። ለባለቤቶቻቸው ነው ውድ የነበሩት። አሁን የማንም እጅ አይገባባቸውም፤ ቀዳዳቸው ተሞልቶ እንደገና መበሳት አለበት።»

«ይኼን ሥራ እኔ አገር የሚያውቅ የለም።»

«እኔ እሠራዋለሁ። ዋጋው ውስጥ ነው።»

ዓይኔን ገለጥኩ። የቱ ውስጥ? ጠዋት ካርቶኑ ላይ የመብሻውን ቀንሰን የደመርነው ኳሱን ብቻ ነው! የመደፈኛውን፣ የመብሻውን፣ የመንገዱን፣ የሰባት ኳስ ሥራ ማን ደመረው? አፌን ልከፍት ስል ሚስቱ በክርኗ ጎኔን ነካችኝ። እሷም ሰምታለች። ግን ዋጋ የሚባለው አንዴ ነው፤ ተብሏል።

«ሌላ ሰው ቢሆን የሰባቱን ዋጋ አናት ላይ ይሰቅልብኝ ነበር» አለ ገዢው። «እርስዎም በእነሱ ዋጋ ሲቆልሉ ብሰማ ልሄድ አስቤ ነበር የመጣሁት። እሺ፣ ይጫን።» እጁን ዘረጋ። ከዚያ ዞር ዞር አለና «ስምንት ቁጥር ግን ሦስት ብቻ ነው ያየሁት። ልጆች ናቸው የሚበዙብኝ፤ ሌላ የለም?» አለ።

የሁላችንም ዓይን ወደ ማዶ ሄደ። ግንበኛው ማዶ ላይ አካፋውን ይዞ በጣም ሥራ የበዛበት ሰው መሰለ። ገዢው ዓይናችንን ተከትሎ አጥሩን አየ፣ ሁለቱን ኳሶች አየ፣ መካኒኩን አየ። «አይ እንግዲህ» ብሎ መጫን ጀመረ።

ሚስትየው በዚያው ሰዓት መጥረጊያዋን አነሳች። ለባሏ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በነፃ?»

«አፌ ቀደመኝ» አላት፣ መሬቱን እያየ።

«አፍህ? ያንተ አፍ?»

ማክሰኞ ዕለት መሰርሰሪያውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በዚያው በሰባቱ ፎጣ፣ ወደ ገዢው ከተማ ተሳፍሮ ሄደ። አራት ቀን ይበቃል ብሎ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ሲመለስ ሥራ ፈቶ የከረመ ሰው አይመስልም፤ ጥፍሩ ሥር ዘይት አለ። ስለ ኳሶቹ ብዙም አላወራም። ያወራው ስለ አዲሶቹ ማሽኖች ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ሲመልስ እንደሚያስነጥስ፣ ሰዎቹ ያልሰሙትን እሱ እንደሰማው፣ በየወሩ አንዴ ብቅ እንዲል እንደለመኑት።

«የትራንስፖርቱን ማን ይችላል?» አልኩት።

«እሱን አልጠየቅኩም።»

ፀጉር ቤቱ ተከፍቷል። የተሰነጠቀው አሥራ አራት ቁጥር በሩን ደግፎ ይውላል። ማዶ ያሉት ስምንት ቁጥሮችም እዚያው ምሰሷቸው ላይ ናቸው፤ መካኒኩ በዚያ ሲያልፍ አንዳንዴ ቆም ይልና በእጅጌው ያንደኛውን አቧራ ይጠርጋል። ባለ አጥሩ ጽዳት የሚወድ ጎረቤት አገኘሁ ብሎ ያስባል።

እኔ ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይኮረኩረኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ለፍቶ ለእያንዳንዱ ኳስ ልክ ዋጋ ያወጣ ሰው የገዛ እጁን ሥራ ሳይደምር ይረሳል? ትላንት ስፌቴን ሳቆም እሱን እያሰብኩ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳሁ።

«ስማ! ያን ቀን ሥራህን ዋጋው ውስጥ የከተትከው ረስተህ ነው ወይስ አውቀህ?»

ከማዶ መፍቻ ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

«መኪናሽን ዘይት አጠጫት» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ እየጮኸች ነው።»

ከፍቼ አየኋት። ምንም አልጎደላትም።